እጅ መንሣትና እጅ መግራት
የታይላንድን ጥንታዊ ሙዚቃ ስለ ተማሩ የውጭ አገር ሊቃውንት መጻሕፍት

አንድ የውጭ አገር ሰው የሌላ ሕዝብ ጥንታዊ ጥበብ ተምሮ መጽሐፍ ሲያወጣ፥ አንባቢው አስቀድሞ የሚፈልገው ጸሐፊው ምን ያህል እንዳወቀ ነው። ዕውቀቱን ከማን እጅ እንደ ተቀበለ፥ በምን ውል እንደ ተሰጠውና ምን እንደ ተከለከለ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሁለት የአሜሪካ ሊቃውንት ስለ ታይላንድ ሙዚቃ የጻፏቸው መጻሕፍት፥ ይኸውም የዴቪድ ሞርተን «የታይላንድ ባህላዊ ሙዚቃ» (1976) እና የዲቦራ ዎንግ «ማእከሉን ማሰማት» (2001)፥ ጐን ለጐን ሲነበቡ የዚህን ጥያቄ ክብደት ያሳያሉ። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በታይላንድ የሙዚቃ፥ የዳንስና «ኮን» የሚባለው የጭምብል ተውኔት ትምህርት ከ«ዋይ ክሩ» ሥርዓት ተለይቶ አይታይም። ቃሉ መምህርን እጅ መንሣት ማለት ሲሆን፥ ሥርዓቱ በልማድ የሚፈጸመው ሐሙስ ቀን ነው። ደቀ መዝሙሩ አበባ፥ ጧፍ፥ ዕጣንና ጥቂት ገንዘብ ያቀርባል። እጅ የሚነሣውም በሕይወት ላለው መምህር፥ ላለፉት መምህራንና የጥበቡ ምንጮች ናቸው ለሚባሉት አማልክት ጭምር ነው። የሥርዓቱ መሪ «ፖ ኬ» የተባለውን የጥንት ባሕታዊ ጭምብል በተማሪው ራስ ላይ ሲደፋለት፥ ተማሪው ከመምህራኑ ሐረግ ውስጥ ገባ ይባላል። ሙዚቃ የሚማር ከሆነም መምህሩ ሁለት እጆቹን ይዞ፥ ክብ ሆነው በተደረደሩት 16 የነሐስ ደወሎች ላይ «ሳቱካን» የሚባለውን ቅዱስ ዜማ መነሻ ሦስት ጊዜ አብሮት ይመታል። ከዚያ በኋላ ትምህርቱ በደረጃ እየከበደ ይሄዳል። የመጨረሻው ደረጃ «ፕራ ፒራፕ» የተባለው፥ የሺቫን አስፈሪ መልክ የሚጠራው ዜማ ነው፤ ይህንንም ያለ ፈቃድ መማር ወይም መጫወት መከራ ያመጣል ተብሎ ይታመናል።

ማንትል ሁድ በ1960 ባወጡት ጽሑፍ፥ የሌላውን ሕዝብ ሙዚቃ የሚያጠና ሊቅ መሣሪያውን ራሱ መጫወት ሊማርና በሁለት ሙዚቃዎች አፉን የፈታ ሊሆን እንደሚገባው ተከራክረው ነበር። ሁድ ያስተምሩበት በነበረው በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሞርተን በ1964 የዶክትርና ጽሑፋቸውን አቀረቡ፤ መጽሐፋቸውም የዚያ ጥናት ፍሬ ነው። መሣሪያዎቹን በየወገናቸው ለይቶ፥ የዜማዎቹንም አሠራር በኖታ አስደግፎ ስለሚያስረዳ፥ ሙዚቃውን ሰምቶ ለማያውቅ አንባቢ ጥሩ መሪ ሆኖ ኖሯል።

የመጽሐፉ ሚዛን ግን ወደ ሚለካው ነገር ያደላል። አሌክሳንደር ኤሊስ በ1885 የሲያምን መሣሪያዎች ለንደን ውስጥ ለክተው፥ ድምፆቹ እኩል በተራራቁ ሰባት እርከኖች የተከፈሉ ናቸው ብለው ነበር። አንዱ የድምፅ ዙር 1200 ክፍል ቢሆን እያንዳንዱ እርከን ከ171 ክፍል ጥቂት ይበልጣል ማለት ነው። ሞርተንም ይህን አሳብ አጽንተው ያዙት። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ልኬቶች ግን በየጓዱ መሣሪያ ልዩነት መኖሩን አሳይተዋል። ይህም የሚያስገርም አይደለም። የእንጨት ራናት የሚቃኘው በየእንጨቱ ሥር የእርሳስ ዱቄት የተቀላቀለበት ሰም በመለጠፍና በመቀነስ ነው፤ ዳኛው የቃኙ ጆሮ ነው፤ ያም ጆሮ ከመምህሩ የተወረሰ ነው። ቁጥሩን ብቻ የያዘ ሰው ውጤቱን ይዞ ውርሱን ጥሎታል።

በኖታውም ረገድ እንደዚሁ ነው። ዜማን በምዕራባውያን ኖታ መጻፍ የባዕዳን ፈጠራ ብቻ አልነበረም፤ የታይላንድ ሊቃውንት ራሳቸው በ1930ዎቹ ዜማዎቻቸው እንዳይጠፉ ብለው ብዙ ደክመውበታል። ይሁን እንጂ ተማሪው ከደወሎቹ የሚማረው መሠረታዊውን ዜማ ነው፤ ሌላው መሣሪያ ሁሉ ከዚያ ተነሥቶ በየራሱ ጠባይ ያብራራዋል። በወረቀት ላይ የሰፈረው ከብዙዎቹ ማብራሪያዎች አንዱ ሲሆን፥ ከመምህር የሚገኘው ግን የማብራራት ችሎታው ነው።

ዎንግ የጀመሩት ሞርተን ካቆሙበት ነው። ለእርሳቸው «ዋይ ክሩ» የትምህርቱ ጌጥ ሳይሆን ማእከሉ ነው፤ ዜማው ኃይል የሚያገኘው ከሥርዓቱ፥ የሥርዓቱም መሪ ሥልጣን የሚያገኘው ከእርሱ በፊት ከነበረው መሪ ነው። ሥርዓቱን የመምራት ሥልጣን በወንዶች ሐረግ እንደሚተላለፍና ከቤተ መንግሥት ጋር እንደ ተሳሰረም ያስረዳሉ። የዚህ አሳብ እውነተኛነት በ1980ዎቹ በገሃድ ታይቷል። የዳንሰኞቹን ሥርዓት ይመሩ የነበሩት አኮም ሳያኮም በ1982 ሥልጣኑን ለተተኪ ሳያስተላልፉ ሞቱ። ዳንሱን የሚያውቁ አረጋውያን ነበሩ፤ የጐደለው ፈቃድ ነበር። በ1984 ንጉሥ ቡሚቦል ራሳቸው ገብተው ሥልጣኑ ለአዲስ መሪዎች እንዲሰጥ እስኪያደርጉ ድረስ ሐረጉ ተቋርጦ ቆየ።

ነገር ግን የዎንግም መጽሐፍ ከነቀፌታ አያመልጥም። ሥርዓቱ ብርሃኑን ሁሉ ስለሚወስድ፥ በሁለት ሐሙሶች መካከል ያለው ረጅሙ ድካም፥ ማለት አንዱን ሐረግ መቶ ጊዜ መደጋገሙ፥ የመምህሩ ቍጣና ዝምታው፥ በጥላ ውስጥ ይቀራል። ፈቃድ ያለ ድካም ባዶ መሆኑን መምህራኑ ከማንም ይልቅ ያውቃሉ። ሞርተን እጁን ከመምህሩ ነጥለው ካዩ፥ የዎንግ አንባቢም መምህሩን ከተማሪው እጅ ነጥሎ እንዳያይ ያሠጋል።

ሁለቱ ነገሮች በአንድ ሰው ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ለማየት፥ ከሙዚቃ ወጥቶ ወደ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ መሻገር ይጠቅማል። በ1892 በፍሎሬንስ የተወለዱት ኮራዶ ፌሮቺ በ1923 ወደ ሲያም የሄዱት በመንግሥት ተቀጥረው እንዲሠሩ እንጂ ሊማሩ አልነበረም። ያቋቋሙት ትምህርት ቤት በ1943 የሲልፓኮርን ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በ1944 ዜግነታቸውን ለውጠው ሲልፓ ቢራስሪ የተባሉት ጣሊያን በጦርነቱ እጅዋን ከሰጠች በኋላ ከጃፓኖች እስራት ለመዳን ነበር፤ ስሙን ያመጣው የጊዜው ችግር እንጂ ፍቅር ብቻ አልነበረም። ሆኖም የጥንቶቹን ቤተ መቅደሶች የግድግዳ ሥዕሎች አጥንተው ጻፉ፤ ተማሪዎቻቸውም ሥዕሎቹ ሳይፈርሱ እንዲገለብጧቸው አተጉ። በ1962 ሞቱ። የተወለዱበት መስከረም 15 ቀን በዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ ይከበራል፤ ደቀ መዛሙርት ለአንድ የፍሎሬንስ ሰው እንደ መምህራቸው እጅ ይነሣሉ። ይህን ክብር ያስገኘላቸው ከጣሊያን ይዘውት የመጡት ሙያ ብቻ አልነበረም፤ ከአገሩ የተቀበሉትን ለአገሩ ልጆች መመለሳቸው ነው።

ስለዚህ የባዕድን ጥበብ ተማርሁ የሚል መጽሐፍ ሲመዘን፥ የልኬቱና የኖታው ትክክለኛነት ብቻውን አይበቃም። ጸሐፊው መምህሮቹን በስማቸው ጠርቷልን? የተከለከለውን እንደ ተከለከለ አድርጎ ጽፏልን? የወሰደውን በምን መለሰ? እነዚህ ጥያቄዎች ለምስጋና ገጽ የሚተዉ የጨዋነት ጉዳዮች አይደሉም፤ የማስረጃው አካል ናቸው። ዕውቀት የሚገኘው በውል ከሆነ፥ ውሉን የደበቀ ጸሐፊ ዕውቀቱ ከየት እንደ መጣና እስከ የት እንደሚደርስ ደብቋልና።