«ይጫኑ» ሲባል ምን ማድረግ ነው? ስለ ሊኑክስ ተከላ መምሪያዎች ቋንቋ ሒሳዊ አስተያየት

መዝገበ ቃላት ያጸደቀው የሙያ ቃል ብቃቱ በእርግጥ የሚፈተነው ሥራ በተበላሸ ጊዜ ነው። ሁሉም ነገር በተቃና ጊዜ አንባቢው ከጽሑፉ የጎደለውን በዐይኑ ከሚያየው ይሞላዋል፤ መሣሪያው እምቢ ባለ ጊዜ ግን በእጁ የሚቀረው የመምሪያው ቃል ብቻ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሊኑክስ የተባለውን ሥርዓተ ክወና በትንንሽ የኔትወርክ መሣሪያዎች ላይ ለመትከልና ብልሽታቸውን ለመፈለግ በሚጻፉ መምሪያዎች ውስጥ አማርኛችን እንዴት እንደሚያገለግል እንመረምራለን። ምርመራችንም በተለይ «ጫነ» በሚለው ግሥ ላይ ያተኩራል።

አስቀድመን ስለ መሣሪያው ጥቂት እንበል። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ያወጣው የሊኑክስ አስኳል መጀመሪያ የታሰበው ለጠረጴዛ ኮምፒዩተር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ለገበያ የቀረበው ሊንክሲስ ደብልዩ አር ቲ 54 ጂ የተባለው ራውተር በሊኑክስ የሚሠራ መሆኑ በ2003 ታወቀ፤ በአስኳሉ የፈቃድ ውል መሠረትም ምንጨ ጽሑፉ በዚያው ዓመት ይፋ ሆነ። ከዚህም የተነሣ በ2004 ኦፕን ደብልዩ አር ቲ የተባለው የሊኑክስ ሥርጭት ተጀመረ። የዚህ ራውተር ዝርያ የሆነው ደብልዩ አር ቲ 54 ጂ ኤል ያለው ቋሚ ማኅደረ ትውስታ 4 ሜጋባይት፣ ጊዜያዊው ደግሞ 16 ሜጋባይት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ መስኮት የለውም፤ የፊደል ገበታ የለውም፤ ከባለቤቱ ጋር የሚነጋገረው በጥቂት መብራቶችና ቁልፎች ነው። የመምሪያው ቃል ከሌላው የኮምፒዩተር ጽሑፍ ይልቅ እዚህ የሚከብደው ስለዚህ ነው።

መሣሪያው ኃይል ባገኘ ጊዜ የሚነሣው በሦስት ደረጃ ነው። በመጀመሪያ አስነሺው፣ ማለት ዩ ቡት ወይም ሲ ኤፍ ኢ የተባለው አጭር ፕሮግራም፣ ከቋሚው ማኅደረ ትውስታ ይነቃል። አስነሺው አስኳሉን አንሥቶ ሥራውን ያስረክበዋል። አስኳሉም የሥርዓቱ ፋይሎች ሁሉ የሚገኙበትን ሥርወ ማኅደር ገጥሞ የቀሩትን ፕሮግራሞች ያስጀምራል። ብልሽት መፈለግ ማለት እንግዲህ መሣሪያው ከእነዚህ ደረጃዎች በየትኛው ላይ እንደ ቆመ ማወቅ ነው። እንግሊዝኛው ለዚህ አነሣሥ የመረጠው ቃል ሰው የገዛ ጫማውን ማንጠልጠያ ስቦ ራሱን ያነሣል ከሚል ፈሊጥ የመጣ ሲሆን፣ አማርኛው «ተነሣ»ና «አስነሣ» ብሎ ነገሩን ያለ ፈሊጥ ስለ ገለጸው ተርጓሚዎቻችን የሚመሰገኑበት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ለማሳያ ያህል የሚከተለውን ዓረፍተ ነገር እንመልከት፦ «ቁልፉን ይጫኑ፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል አዲሱን ሶፍትዌር ይጫኑ፤ እስኪጫን ድረስ ኃይል አያቋርጡ።» በሰዋስው ረገድ ነቀፋ የለበትም። ሆኖም «ይጫኑ» የሚለው ጽሕፈት ሁለት ልዩ ልዩ ግሦችን ተሸክሟል። ፊደሉ ጠብቆ ሲነበብ «ተጫነ» ከሚለው የሚወጣ ትእዛዝ ይሆናል፤ በጣት መጫንን ያመለክታል። ላልቶ ሲነበብ ግን «ጫነ» ከሚለው ይወጣል፤ ጭነትን መጫንን ያመለክታል። በንግግር ጊዜ ሁለቱ አይምታቱም። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን ስለማያሳይ ግን በጽሑፍ አንድ ናቸው። ከዚህም በላይ «እስኪጫን» የሚለው ጠብቆ ሲነበብ ቁልፉም ሊጫን፣ ሶፍትዌሩም ሊጫን ስለሚችል፣ አንባቢው ኃይሉን እስከ መቼ ሳያቋርጥ መቆየት እንዳለበት ከዓረፍተ ነገሩ አያረጋግጥም።

መድኃኒቱ ከቋንቋችን ውስጥ ይገኛል። የቦዝ አንቀጹ ሁለቱን ግሦች በፊደል ይለያቸዋል፤ «ተጭነው» ያለ ቁልፍን፣ «ጭነው» ያለ ጭነትን እንደሚናገር ለማንም ግልጽ ነው። በመሆኑም «ቁልፉን ተጭነው ይያዙ» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ አዲስ ቃል ሳይፈጥር አሻሚውን አስወግዷል። ይህ አጻጻፍ ሌላም ጥቅም አለው። በኦፕን ደብልዩ አር ቲ በሚሠሩ በብዙ መሣሪያዎች ላይ አንዲቱ ቁልፍ እንደ ጊዜው ልዩ ልዩ ሥራ ትሠራለች። ሥርዓቱ ተነሥቶ እየሠራ ሳለ ነካ አድርገው ቢለቋት መሣሪያው ጠፍቶ ይነሣል፤ 5 ሰከንድና ከዚያ በላይ ተጭነው ቢይዟት ባለቤቱ ያስተካከለው ሁሉ ተደምስሶ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። በመነሣት ላይ ሳለ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር ቢጫኗት ደግሞ ሥርዓቱ የባለቤቱን ማስተካከያዎች ትቶ በደኅንነት ሁኔታ ይነሣል፤ በ192.168.1.1 አድራሻም ይገኛል። «ነካ አድርገው ይልቀቁ» እና «ተጭነው ይያዙ» የሚሉት አማርኞች ይህን ልዩነት እንደ ልብ ይገልጹታል። በባዶው «ይጫኑ» መብቃቃት ግን አንባቢው ለማዳን የፈለገውን ሥራ በገዛ እጁ እንዲደመስስ ማድረግ ነው።

መጥበቅና መላላት የማይፈታው ሁለተኛ ችግርም አለ። ላልቶ የተነበበው «ይጫኑ» ራሱ ሁለት ተቃራኒ ተግባሮችን ይጠራል። በአንደኛው፣ አስኳሉና ሥርወ ማኅደሩ በአንድ ጥቅል ተዘጋጅተው በኔትወርክ በኩል ወደ ጊዜያዊው ማኅደረ ትውስታ ይገቡና ከዚያው ይነሣሉ። ይህ የሙከራ መንገድ ነው፤ ኃይል ቢቋረጥ የገባው ይጠፋል፣ መሣሪያውም እንደ ነበረው ሆኖ ይነሣል። በሁለተኛው፣ የቋሚው ማኅደረ ትውስታ ይዞታ ተደምስሶ አዲሱ በቦታው ይጻፋል። በዚህ መካከል ኃይል ቢቋረጥ ግማሹ ተደምስሶ ግማሹ ሳይጻፍ ይቀራል። የተጎዳው የሥርዓቱ ክፍል ብቻ ከሆነ አስነሺው ስላለ በኔትወርክ ሌላ ጥቅል ተቀብሎ ሊያድነው ይችላል። የተጎዳው የአስነሺው ክፍል ከሆነ ግን መሣሪያውን ፈትቶ በልዩ መጻፊያ ከማከም በቀር መንገድ የለም። አንዱ ተግባር ጉዳት የማያስከትል፣ ሌላው መሣሪያን ሊያጠፋ የሚችል ሆኖ ሳለ ሁለቱንም በአንድ ግሥ መጥራት የትርጉም ጉድለት ነው።

በእኛ አስተያየት «ጫነ» የሚገባው ለመጀመሪያው ነው። ጭነት በአጋሰስ ላይ የሚሰነብተው እስከ ሰፈር ነው፤ ከዚያ ይራገፋል። በጊዜያዊው ማኅደረ ትውስታ ላይ የገባውም እንዲሁ ኃይል እስኪቋረጥ ብቻ የሚቆይ ነው። ለሁለተኛው «ተከለ» የሚለው ይስማማል። ድንኳንም፣ ዋልታም፣ ችግኝም የሚተከለው እንዲጸና ነው፤ መሐንዲሶቻችንም «የማሽን ተከላ» ማለትን ከለመዱ ቆይተዋል። እንዲህ ከሆነ «በጊዜያዊው ማኅደረ ትውስታ ላይ ጭነው ያስነሡ፤ መሥራቱን ካረጋገጡ በኋላ በቋሚው ላይ ይትከሉ» የሚለው ምክር ያለ ማብራሪያ ይገባል። አሁን በተለመደው ቋንቋ ግን «ይጫኑ፤ ከዚያ ይጫኑ» ወደሚል ይወርዳል።

ቋሚውን ማኅደረ ትውስታ «ፍላሽ» ብሎ መተዉንም አንደግፍም። የውጭ ቃል መሆኑ አይደለም ምክንያታችን፤ ራውተርንና ኔትወርክን እኛም ተቀብለናል። ነገር ግን የአማርኛ ተናጋሪ «ፍላሽ» ሲባል የሚረዳው በኪስ የሚያዘውን ተሰኪ ማከማቻ ነው። ራውተሩ የዩ ኤስ ቢ ቀዳዳ ያለው እንደ ሆነ «በፍላሽ ላይ ይጫኑ» የሚለው ትእዛዝ አንባቢውን ወደ ሌላ ዕቃ ይልከዋል። ቃሉን ቃል በቃል ወደ «ብልጭታ» መመለስም አይረዳም፤ ብልጭታ በዚህ ሥራ ውስጥ የመብራቱ ነው፤ እርሱም ራሱን የቻለ የምርመራ ምልክት ነው።

ስለ ብልሽት ስሞች ደግሞ አንድ ነገር እንጨምር። እንግሊዝኛው የማይነሣን መሣሪያ «ጡብ ሆነ» ይላል፤ አንዳንዶችም ይህንኑ ወደ አማርኛ ያመጡታል። ጡብ በአገራችን የሚፈለግ የግንባታ ዕቃ እንጂ የሞት ምሳሌ አይደለም። ከዚህም የባሰው ስያሜው ሊድን የሚችለውንና የማይችለውን አለመለየቱ ነው። አስነሺው ሕያው ሆኖ ሥርዓቱ ያልተነሣውን «በሰመመን ያለ»፣ አስነሺው የጠፋበትን «በድን» ብንል ስሙ ራሱ ለጠጋኙ ቀጣዩን እርምጃ ይነግረዋል።

እንዲሁም በመሣሪያው ውስጥ ባለው ተከታታይ መስመር ላይ፣ ለ3.3 ቮልት በተሠራ መሸጋገሪያ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 115200 ቢት ፍጥነት ሲያዳምጡ «ከርነል ፓኒክ» የሚል መልእክት ይገኛል። ይህን «የአስኳል ሽብር» ብሎ መተርጎም የሁኔታውን ግልባጭ መናገር ነው። የተሸበረ ይራወጣል፤ አስኳሉ ግን ሊቀጥል የማይችልበት ነገር ሲገጥመው ሥራውን ሁሉ ያቆማል። አማርኛ «በድንጋጤ ደርቆ ቀረ» ይላልና «አስኳሉ ደርቆ ቆመ፤ ሥርወ ማኅደሩን መግጠም አልተቻለም» ብንል ጠጋኙ ከሦስቱ ደረጃዎች ሁለቱ እንደ ታለፉ፣ ብልሽቱም በሦስተኛው ደጃፍ ላይ እንዳለ ወዲያው ያውቃል።

ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡብን ይችላሉ። የመጀመሪያው ባለሙያው በእንግሊዝኛ ስለሚሠራ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም የሚል ነው። መምሪያ የሚጻፈው ግን ለሚያውቀው ብቻ አይደለም፤ በገዛ ቤቱ ወይም በትምህርት ቤቱ ያለውን ራውተር ለማዳን ለሚሞክርም ነው። ሁለተኛው ዐውደ ንባቡ ትርጉሙን ይለየዋል የሚል ነው። ይህ ለደኅና ጊዜ እውነት ነው። ብልሽት በሚፈለግበት ሰዓት ግን አንባቢው መሣሪያው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ አያውቅም፤ ሁኔታውን የሚያውቀው ከመምሪያው ቃል ነውና ቃሉን በሁኔታው ተርጉም ማለት ያላየውን እይ ማለት ይሆናል።

ስለዚህ ለተርጓሚዎችና ለስያሜ አውጪዎች የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። በጣት መጫን «ተጭኖ መያዝ» ወይም «ነካ አድርጎ መልቀቅ» ይባል፤ በጊዜያዊው ማኅደረ ትውስታ ላይ ማስገባት «መጫን»፣ በቋሚው ላይ ማጽናት «መትከል» ይባል፤ የመዝገበ ቃላት አዘጋጆችም «ጫነ» በሚለው ግቤት ሥር ጠብቆና ላልቶ መነበቡን በግልጽ ያመልክቱ። ሌላ የተሻለ ቃል ያለው ቢኖር እንዲወዳደር እንጋብዛለን፤ መመዘኛው ግን ቃሉን ያነበበ ጠጋኝ በእጁ የያዘውን መሣሪያ ማዳን መቻሉ ይሁን።