የቴሲጀር ግለ ታሪክ ከቡሬ ሲነበብ

ዊልፍረድ ቴሲጀር ግለ ታሪኩን «የመረጥኩት ሕይወት» በሚል ርእስ በእንግሊዝኛ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1987፣ በሽምግልናው ዘመን ነው። ይህን የጦር መኮንን ዓለም የሚያውቀው በዐረቢያ በረሃ ተጓዥነቱ ቢሆንም የተወለደው ግንቦት 26 ቀን 1902 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ አባቱ በሚያስተዳድሩት የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ውስጥ ነው። በ1933 ዓ.ም. ደግሞ ጎጃምን ነጻ ባወጣው ዘመቻ ተሰልፏል። እናም መጽሐፉን ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ሆኖ የሚያነብ ሰው ስለ ራሱ አገር የተጻፈውን መፈተሹ አይቀርም።

የመጽሐፉ መዋቅር በአንድ ምስል ላይ ቆሟል። ከሰገሌ ጦርነት በኋላ፣ በ1909 ዓ.ም.፣ ድል አድራጊው ሠራዊት በአዲስ አበባ ሲሰለፍ የስድስት ዓመቱ ልጅ ቆሞ ያያል። በዚያው የጭንቅ ሰሞን የራስ ተፈሪ ሕፃን ልጅ አስፋ ወሰን በሌጋሲዮኑ መጠለሉም ተተርኳል። ቴሲጀር በኋላ በአፋር፣ በዳርፉርና በዐረቢያ የሚፈልገው ያንኑ ሰልፍ ነው። ምስሉ ድንቅ ነው። ዳሩ ግን ደራሲው ትርጉሙን ራሱ ይነግረናል፤ እንድንደርስበት ቢተወን የበለጠ ይሠራ ነበር።

በትረካ ጥበቡ የሚልቀው የአዋሽ ጉዞ ነው። በ1926 ዓ.ም. አካባቢ ወንዙን ተከትሎ ወርዶ በአቤ ሐይቅ ሲያልቅ ያየበት ክፍል ቁጥብ፣ ቅጽል የማያበዛ፣ የዕለት ድካምንና ፍርሃትን በአጭር ዐረፍተ ነገር የሚይዝ ነው። የሱዳኑ ምዕራፍ ግን አደን በአደን ሆኖ ያሰለቻል። ሰባ አንበሳ የገደለ ሰው አሥሩን ተርኮልን ቢያልፍ ባልተቀየምነው።

ወደ ጎጃም ስንመጣ የደራሲው ቁጣ ይሞቃል። ኢጣሊያ መርዝ ጋዝ ስትረጭ የገዛ መንግሥቱ ዝም ማለቱን እንደ ግል ውርደት ቆጥሮታል፤ ዘመቻውንም ዕዳ እንደ መክፈል ያየዋል። ይህ ቅንነት ለመጽሐፉ ክብር ይሰጠዋል። ዘመቻውን የመራውን ኮሎኔል ዊንጌትን ሲሥልም አያሞካሽም፤ ጨካኝነቱንም ብልሃቱንም በአንድ ገጸ ባሕርይ ውስጥ ያኖራቸዋል። በአጊባር የተከበበው የኢጣሊያ ጦር እጁን ሲሰጥ በነበረው ድርሻ ሜዳልያ ያገኘ ሰው መሆኑን ስናስብ፣ ስለ ራሱ ጀብዱ ድምፁን ዝቅ ማድረጉ የሚያስመሰግነው ነው።

ሆኖም የትረካው አንጻር ከላይ ወደ ታች ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን በኦሜድላ ገቡ፤ ቡሬ የካቲት 25 ተለቀቀች፤ ከሁለት ቀን በኋላ ደምበጫ አጠገብ ከቡሬ የሚያፈገፍገውን ጠላት የገጠመው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ነበር። ከዚያ በፊት ለዓመታት ጫካ የከረሙት እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ነበሩ። አርበኛው በገጾቹ ላይ ግርማ ሞገስ አለው፤ ንግግር ግን እምብዛም የለውም። ፉከራው፣ ቂሙ፣ ስንቅ ያቀበለችው ባላገር ሴት የት አሉ? ቅኔና ቀረርቶ በሞላበት አገር ይህ ዝምታ ቀላል ጉድለት አይደለም።

ጉድለቱ ከፍቅሩ የመጣ ይመስለኛል። መጽሐፉ መታሰቢያነቱ ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነው፤ ታማኝነቱም ልብ ይነካል። ነገር ግን በ1960 ዓ.ም. በእርሻ ገቢ ግብር ሰበብ ጦር የተላከበት የጎጃም ገበሬ ያን ንጉሥ በሌላ ዐይን አይቷቸዋል፤ ያ ዐይን እዚህ ሥዕል ውስጥ አልገባም። ቴሲጀር መኪናን መጥላቱም እንዲሁ ነው። ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ የማያውቅ ሰው መንገድን ለመጥላት ይቀለዋል።

ይህን ሁሉ ብዬም መጽሐፉ ይነበብ ባይ ነኝ። ከሌሎች የዘመኑ መኮንኖች ማስታወሻዎች ይልቅ ኢትዮጵያን የሚወድ፣ በቋንቋ አጠቃቀሙም የሚበልጥ ነው። የጎጃሙን ክፍል ስታነቡ ግን ከማንኩሳ፣ ከጅጋ ወይም ከደምበጫ አንድ አዛውንት አጠገባችሁ አስቀምጡ፤ አባታቸው የነገሯቸውንም በኅዳጉ ላይ ጻፉ።