ድንጋዩን ማን ይለየዋል? ከላስታ ዐለት እስከ ጋንዳኪ ወንዝ

ስለ ላሊበላ የተጻፈው ጥናት አብዛኛው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ይሽከረከራል፤ ማን ፈለፈለው፣ መቼ ፈለፈለው፣ በምን መሣሪያ ፈለፈለው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ አይቶት በ1540 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ ለአውሮፓ ካስተዋወቀው ወዲህ፣ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦም ቢሆን፣ የአጥኚዎቹ ዓይን ከጠራቢው መዶሻ ላይ አልተነሣም። ለገና ከደላንታና ከዋድላ ተነሥቶ፣ ኮንን አልፎ በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላ የሚሄደው ምእመን ግን ስለ ጠራቢው አይጨነቅም። ያንን ገድለ ላሊበላ ጨርሶለታል፤ ከሰው ጋር መላእክት ሠርተውታል። እሱ ማወቅ ያለበት ሌላ ነው፤ የሚሳለመው ድንጋይ የትኛው ነው፣ የሚረግጠውስ የትኛው፣ ጨርሶ የማያየውስ? ይህ ዕውቀት በሥነ ሕንፃ ጥናቱ ውስጥ የሚገባውን ቦታ አላገኘም ባይ ነኝ።

ጉዳዩን አጥርቶ ለማየት ሩቅ አገር ደርሶ መመለስ ይጠቅማል። በሰሜን ኔፓል፣ ሙስታንግ በሚባለው አካባቢ፣ የካሊ ጋንዳኪ ወንዝ ከሂማላያ ተራሮች ጥቋቁር ድንጋዮችን እያንከባለለ ያወርዳል። ጂኦሎጂስቱ በውስጣቸው የሚያገኘው ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት በባሕር ይኖር የነበረ ጠምዛዛ ቅርፊት ያለው ፍጥረት ቅሪት ነው፤ አሞናይት ይለዋል። ከሂንዱ አማልክት አንዱ ለሆነው ለቪሽኑ አምላኪዎች ግን ድንጋዩ ሻሊግራም ነው፤ የቪሽኑ ምስል ሳይሆን ራሱ ቪሽኑ። ምእመኑ ወንዙ ዳር ጎንበስ ብሎ ያነሣዋል፣ በጣቱ ያገላብጠዋል። ቀዳዳ አለው? በቀዳዳው ውስጥ የሚታየው ጥምዝ ስንት ነው? መልኩ ጥቁር ነው ወይስ ወደ ሌላ ቀለም ያደላል? ልሙጥ ነው ወይስ ሻካራ? ፑራና የተባሉት ጥንታውያን መጻሕፍት እነዚህን ምልክቶች ከቪሽኑ ልዩ ልዩ መገለጫዎች ጋር ያዛምዷቸዋል፤ በዚያ መሠረት ድንጋዩ ስም ያገኛል። ከዚያ ቤት ይገባል፤ በውኃ ይታጠባል፤ ቱልሲ የተባለው ተክል ቅጠል ይቀርብለታል፤ የታጠበበት ውኃም ይጠጣል። ሌሎቹ የሂንዱ ምስሎች በሥርዓት ሕይወት እስኪያድርባቸው ድረስ ለአምልኮ አይበቁም፤ ሻሊግራም ግን ይህን ሥርዓት አይፈልግም። ቢሰነጠቅ እንኳ አይጣልም። ቅድስናው ከወንዙ ጋር የመጣ ስለሆነ የሰው ድርሻ አይቶ መለየት ብቻ ነው።

ታቦት የቆመው በዚህ ተቃራኒ ጫፍ ላይ ነው። ጽላቱ ከእብነ በረድም ከእንጨትም ሊቀረጽ ይችላል። ድንጋዩ ከየትኛው ተራራ እንደመጣ፣ መልኩ ምን እንደሚመስል ለክብሩ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም የለም። ጳጳሱ በቅብዐ ሜሮን እስኪያከብረው ድረስ የተጠረበ ነገር ነው፤ ከከበረ በኋላ ግን ከካህናት በቀር ማንም አያየውም። ለምእመኑ የሚታወቀው በስሙ ነው። ለጥምቀት ሲወጣ በካህኑ ራስ ላይ በግምጃ ተሸፍኖ የሚሄደውን ሕዝቡ «ሚካኤል ወጣ»፣ «ጊዮርጊስ መጣ» እያለ በእልልታ ይቀበለዋል። ከሺሕ ሰው አንዱ እንኳ ጽላቱን አይቶት አያውቅም፤ ሁሉም ግን ማን እንደሆነ ያውቃል። ጥምዙን ቆጥሮ ከሚለየው ሻሊግራም አጥማጅ ጋር ሲነጻጸር፣ እዚህ ዓይን ሥራ ፈት ነው። በነገራችን ላይ ንጉሥ ላሊበላን ከስፍራው ጋር ከሚያስተሳስሩት ማስረጃዎች ዋነኞቹ በአብያተ ክርስቲያናቱ የሚገኙት ስሙ በግዕዝ የተቀረጸባቸው የእንጨት መንበሮች ናቸው። ጽሑፉ የሚናገረው መንበሩ ለማን እንደተሰየመ እንጂ ዐለቱ እንዴት እንደተፈለፈለ አይደለም። ንጉሡ ራሱ እንዲታወስለት የፈለገው ስያሜው ይመስለኛል።

ስለዚህ ሻሊግራምንና ታቦትን አንድ ላይ ጠቅልሎ «የድንጋይ አምልኮ» ማለት ሁለቱንም አለማወቅ ነው። ቤተ ክርስቲያን የአምልኮ ስግደትንና የጸጋ ስግደትን ለይታ የምታስተምረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ስግደቱ ለድንጋዩ ሳይሆን በላዩ ለተጻፈው ስም ነው።

ያለማየት ሥርዓት ምን ያህል ጽኑ እንደሆነ ያስመሰከረው ደግሞ ዘረፋ ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር የዋድላንና የደላንታን ደጋ አቋርጦ፣ በሽሎን ተሻግሮ መቅደላ ደረሰ። ከዐፄ ቴዎድሮስ ሞት በኋላ ከተዘረፈው ንብረት መካከል ታቦታት ነበሩበት። ዛሬ አሥራ አንድ ታቦታት በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ፤ ከድንጋይም ከእንጨትም ናቸው። ሙዚየሙ ለሕዝብ አያሳያቸውም፤ ለአጥኚም አይገልጣቸውም። ለማሳየት የተቋቋመ ቤት ላለማሳየት መስማማቱ ለእኔ ከማንኛውም የክርክር ጽሑፍ የበለጠ ይናገራል፤ ታቦት ነው ብሎ ካመነ የማን ታቦት ነው የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይከተላል። በኤድንብራ ቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጦ የነበረው ሌላ ታቦት ዕድሉ የተሻለ ሆነ። ኢትዮጵያን የሚያውቅ አንድ የአገሩ ቄስ ምንነቱን ለየው፤ ታቦቱም በ2002 እ.ኤ.አ. ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ ሕዝቡም ወጥቶ ተቀበለው። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ በባዕድ እጅ መቆየቱ ታቦትነቱን አላስረሳም።

ይሁንና ላሊበላ ያለበትን ላስታን በታቦት ብቻ መፍታት አይቻልም። ሻሊግራምን የሚያስታውስ ነገር ያለው ከመቅደሱ ውጭ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ በቆመበት ጥልቅ ጉድጓድ ግድግዳ ላይ የተቦረቦሩ ምልክቶች አሉ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤት አልተሠራልኝም ብሎ በፈረሱ ሲመጣ የቀረ የኮቴ ዳና ነው ይባላል፤ ሰው ጣቱን አስገብቶ ይዳስሰዋል፣ ግንባሩን ያስነካዋል። በቤተ ማርያም መካከል በጨርቅ የተጠቀለለ ዓምድ አለ፤ ያለፈውና የሚመጣው ዘመን ተጽፎበታል ስለሚባል አይገለጥም። ከላሊበላ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ በሚገኘው በነአኩቶ ለአብ ደብር ደግሞ ከዋሻው ጣሪያ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። ከሥሩ ዕድሜ የጠገቡ የድንጋይ ገንዳዎች ተደርድረዋል፤ ካህኑ ከገንዳው ቀድቶ ለመጣው ሁሉ ያጠጣል፣ ይረጫል። ዐለቱን ማንም አልቀባውም፤ ውኃውን ግን ጸበል ብሎ የሚጠራጠረው የለም። እዚህ ላይ የላስታ ገበሬ ከጋንዳኪ ምእመን ጋር ይቀራረባል፤ ሁለቱም ድንጋዩን አይተው፣ ዳስሰው፣ የነካውን ውኃ ጠጥተው ነው የሚያውቁት። ልዩነቱ አይጠፋም፤ ኮቴው ኮቴ የሚሆነው ታሪኩ ቀድሞ ስለተነገረ ነው። ሻሊግራሙ ጥምዙን ይዞ ይመጣል፤ የላስታ ዐለት ግን ተራኪ ያስፈልገዋል።

ይህ ንጽጽር የጥገናውንም ክርክር ያበራልናል። በቤተ መድኃኔ ዓለም ዙሪያ ከቆሙት ዓምዶች ብዙዎቹ ከዐለቱ የወጡት የመጀመሪያዎቹ አይደሉም፤ ፈርሰው የነበሩት በ20ኛው ክፍለ ዘመን በተጠረበ ድንጋይ እንደገና ተገንብተዋል። ቀረብ ብሎ ላየው የድንጋዮቹ መጋጠሚያ ይታያል። የሥነ ሕንፃ አጥኚው በዚህ ያዝናል። ምእመኑ ግን አዲሱን ከአሮጌው ሳይለይ ተሳልሞ ያልፋል፤ ለእሱ ቤቱን ያከበረው በውስጡ ያለው ታቦት ነውና አዲሱ ዓምድም የክብሩ ተካፋይ ነው። ቅድስናው እንደ ሻሊግራም ከድንጋዩ ባሕርይ የመነጨ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለው ምትክ ባዶ ግንብ ሆኖ በቀረ ነበር።

የኮቴው ዳናና የቤተ ማርያም ዓምድ ግን ምትክ የላቸውም። በ2008 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ አራት መጠለያዎች ከቆሙ ወዲህ ክርክሩ ሁሉ በብረቱ ክብደትና በዝናቡ ላይ ሆኗል፤ ተገቢ ክርክር ነው፣ የላሊበላም ሕዝብ በ2018 እ.ኤ.አ. አደባባይ የወጣው ቤቶቹ ሊፈርሱ ነው ብሎ ሰግቶ ነው። የጥገና ባለሙያው ግን በሥዕላዊ መዝገቡ ላይ ስንጥቁን፣ እርጥበቱን፣ ሻጋታውን በየቀለሙ ሲለይ፣ በቤተ ጊዮርጊስ ግድግዳ ያለው የኮቴ ዳና «ቦርቧራ» ከሚለው ተራ ምድብ ሊገባበት ይችላል። የትኛው ቦርቧራ የሚደፈን ጉዳት፣ የትኛው የሚሳለሙት ምልክት እንደሆነ በመዝገቡ ላይ የሚጻፍበት ዓምድ ያስፈልጋል፤ የሚሞላውም መዶሻውና ልስኑ ከመቅረቡ በፊት የደብሩን ካህናትና አረጋውያን ጠይቆ ነው።