ጥበበኛው ወደ ሥራው ሲመለስ

አንድ ሠዓሊ ሥዕሉ በቤተ መዘክር ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ከብዙ ዘመን በኋላ ቀለሙንና ቡሩሹን ይዞ «ጥቂት የማርመው አለኝ» ብሎ ቢመጣ፥ ዘበኛው ከበር ይመልሰዋል። ዘበኛውም አልተሳሳተም፤ ሥዕሉ አልቋልና። ነገር ግን ተመልካቹ በእጁ ሲዳስሰው፥ በጆሮው ሲያደምጠው ወይም በውስጡ ሲያልፍ ብቻ ሙሉ የሚሆን ሌላ ዐይነት የጥበብ ሥራ አለ። እንዲህ ያለውን ሥራ ሠሪው ተመልሶ ቢለውጠው ማደስ ነው ወይስ ማፍረስ?

ለዚህ ጥያቄ በአሜሪካ አገር፥ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የሚገኘው ኤክስፕሎራቶሪየም የተባለው ቤተ መዘክር መልካም ምሳሌ ይሆነናል። ይህን ቤተ መዘክር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1969 ዓ. ም. የመሠረተው የፊዚክስ ሊቅ የሆነው ፍራንክ ኦፐንሃይመር ነው። በዚያ ቤት ጐብኚው እንዲነካና እንዲሞክር ይጋበዛል እንጂ አይከለከልም። ከ1974 ጀምሮም ጥበበኞች እየተጠሩ ከሳይንስ ሰዎች ጋር አብረው ይሠሩበታል።

ዳግላስ ሆሊስ የተባለው ጥበበኛ በ1976 ከኦፐንሃይመር ጋር ተባብሮ በነፋስ የሚመታ በገና ሠራ። ለዚህ በገና ሰው የሆነ ደርዳሪ የለውም። ነፋሱ በተወጠረው አውታር ግራና ቀኝ ሲያልፍ ትናንሽ ሽክርክሪቶችን ስለሚፈጥር አውታሩ ይርገበገባል፤ ነፋሱ ሲበረታ ድምፁ ይቀጥናል፥ ሲቆም ዝም ይላል። በ2013 ቤተ መዘክሩ ወደ ባሕሩ ዳር፥ ወደ 15ኛው የመርከብ መጠጊያ ሲዛወር፥ ሆሊስ ተመልሶ በገናውን ከቀድሞው አስፍቶ እንደገና ሠራው።

«የፊተኛው መልካም ከነበረ ስለ ምን ተለወጠ? መልካም ካልነበረስ ስለ ምን ለሕዝብ ታየ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ይህ ክርክር ለሥዕል ይስማማ ይሆናል፤ ለዚህ ሥራ ግን አይስማማም። የሥራው አካል አውታሩ ብቻ ሳይሆን ነፋሱና አድማጩም ጭምር ነውና፥ ስፍራው ሲለወጥ ነፋሱም ይለወጣል። የአገራችን የበገና ደርዳሪ ዐሥሩን አውታር ትናንት ስለ ቃኘ ዛሬ ሳይቃኝ አይደረድርም፤ መቃኘቱንም እንደ ጕድለት የሚቈጥርበት የለም። ሆሊስ ያደረገውም ይህንኑ ቅኝት ነው።

ይሁን እንጂ ቅኝት ወሰን አለው። ጥበበኛው በገናው ነፋስ በሌለበት ቀን እንዳይተኛ ብሎ አውታሩን የሚመታ ሞተር አድርጎለት ቢሆን ኖሮ፥ ምናልባት ብዙ ሰው ደስ ይለው ነበር፤ ነገር ግን በአሮጌ ስም የሚጠራ ሌላ ሥራ በሆነ ነበር። በአዲሱ በገና ግን ደርዳሪው ዛሬም ነፋስ ነው፤ ሰውም እስኪነፍስ ታግሦ ያደምጣል። ስለዚህ ሥራው ተለወጠ እንጂ አልጠፋም ብለን እንፈርዳለን።

ሠሪው መመለስ የማይችል ሲሆንስ? ኦገስት ኮፖላ በ1971 በዚያው ቤተ መዘክር ጐብኚዎች በድቅድቅ ጨለማ ውስጥ በመዳሰስ ብቻ መንገድ እየፈለጉ የሚያልፉበትን ጕልላት አሰናዳ። እርሱ በ2009 ዐረፈ፤ ጕልላቱ ግን በ2013 በአዲሱ ስፍራ ያለ እርሱ እንደገና ተሠራ። ቤተ መዘክሩ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የማሳያዎቹን አሠራር ሌሎች እንዲሠሩበት በመጽሐፍ ያሳተመ መሆኑን ስናስብ፥ ዕውቀትን ጽፎ ማቈየት ምን ያህል እንደሚጠቅም እንረዳለን።

እንግዲህ ቤተ መዘክር የምታስተዳድሩ፥ ሥነ ጥበብንም የምታስተምሩ ሁሉ፥ እንዲህ ያለውን ሥራ ስትቀበሉ ዕቃውን ብቻ አትረከቡ። የሚለወጠውና የማይለወጠው የቱ እንደ ሆነ ሠሪውን በሕይወት ሳለ ጠይቃችሁ ጻፉ፤ እድሳት የፊተኛውን መልክ ይሸፍናልና መልኩንም በፎቶግራፍ አስቀሩ። ጥበበኛው ሲመለስ ዘበኛው በሩን ይክፈትለት፤ የማይመለስበት ቀን እንደሚመጣ ግን አይዘንጋ።