የቆቃ ሂሳብ የሚሠራው በመስከረም ነው

አዋሽ ወንዝ ላይ ካለው ከቆቃ ግድብ በታች ውሃ ጠባቂው ብዙ ነው። ተርባይኑ አለ፤ ወንጂና መተሐራ ሸንኮራ አላቸው፤ አዳማ ከአዋሽ አጣርታ ትጠጣለች፤ ከዚያ ወዲያ ወንዙ ጅቡቲ ጠረፍ አጠገብ አቤ ሐይቅ ገብቶ እስኪቀር ድረስ የአፋር አርብቶ አደር ከብቱን ይዞ ይጠብቃል። የውሃ ልቀት መርሐ ግብር የምናወጣ ሰዎች ሥራችን ለእነዚህ ሁሉ ሊትር ማካፈል ይመስላል። በድርቅ ዓመት ግን የምናካፍለው በአብዛኛው ጊዜን ነው። ይህን የገበሬው የውሃ አባት ቀድሞን ያውቀዋል፤ ቦዩ ላይ ቆሞ የሚሰጠው ተራ ነው፣ በተራው የመጣለትን ያህል እያንዳንዱ ያጠጣል።

ድርቅ የሚመከተው በሚያዝያ አይደለም። በሚያዝያ ሐይቁ ሸሽቶ፣ ዳርቻው ተሰነጣጥቆ፣ አስቸኳይ ስብሰባ ሲጠራ የቀረው ምርጫ ጥቂት ነው። የሚያዋጣው ውሳኔ የመስከረም መጨረሻው ነው፤ ክረምቱ ወጥቶ ምን ያህል እንደገባ ሲታወቅ። ችግሩ፣ ያን ጊዜ ቆቃ ባይሞላም የሞላ ይመስላል። ለጥ ያለ ሐይቅ ስለሆነ ከመንገድ ለሚያየው ሰው ጉድለቱ አይታወቀውም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ ሲጎድልም እያሳሳቀ ነው። በዚያ ወር «አሥር በመቶ እንቀንስ» ብሎ የሚነሳ ሰው ሟርተኛ ይባላል። ዝም ካለ ደግሞ በሚያዝያ ግማሹን ለመቁረጥ ይገደዳል። ሸንኮራ የመጀመሪያውን ቅነሳ ይችለዋል፤ ሁለተኛው በሙቀቱ ወር ሲመጣበት የዓመቱ ምርት ይጎዳል።

ቁጥሩን እንየው። ግማሽ ሚሊዮን ሕዝብ ያላት ከተማ ለአንድ ሰው በቀን 100 ሊትር ብታደርስ የሚያስፈልጋት 50,000 ሜትር ኩብ ነው፤ በሰከንድ ሲመነዘር 600 ሊትር እንኳ አይሞላም። 6,000 ሄክታር ሸንኮራ ለሄክታር በሰከንድ አንድ ሊትር በሚለው የተለመደ ስሌት የዚህን አሥር እጥፍ ይጠጣል። የቆቃ ሦስት ተርባይኖች በሙሉ ኃይል ከዞሩ ደግሞ በሰከንድ ከ100 ሜትር ኩብ በላይ ያልፋል። ፀሐይም ድርሻዋን ትወስዳለች። በቀን አምስት ሚሊ ሜትር ቢተን ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ የሚሄደው 5,000 ሜትር ኩብ ነው፤ አሥር ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የዚያችን ከተማ ያህል ይጨርሳል ማለት ነው። ቆቃ ሲሞላ ስፋቱ ከመቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እንግዲህ ዝም ብሎ ማጠራቀምም ዋጋ አለው። ቁጠባ ቁጠባ የሚሉ ባልደረቦቼ ይህችን ስሌት ቢይዟት ደስ ይለኛል።

የከተማው ድርሻ ትንሽ መሆኑ ግን ቀላል አያደርገውም። ሸንኮራ ተራውን መጠበቅ ይችላል፤ የመጠጥ ውሃ ማጣሪያ አይችልም። ወንዙ ከመጥለፊያው አፍ በታች ከወረደ ፓምፑ አየር ይስባል፤ ነገ እጥፍ ቢለቀቅለትም የዛሬው ቧንቧ ደርቋል፣ ሰፈሩ ጄሪካን ይዞ ወጥቷል። ተርባይን ውሃ አይበላም፣ አሳልፎ ነው የሚሰጠው፤ የሚያዛባው ሰዓቱን ነው። መብራት በብዛት የሚፈለገው ምሽት ላይ ስለሆነ ውሃው በዚያ ሰዓት ጎርፎ ይሄድና ቀን ላይ ወንዙ ይሳሳል። በመንገድ ላይ ደግሞ የባለ ፓምፑ ሁሉ እጅ አለበት፤ ከግድቡ የወጣው ሁሉ ታች ይደርሳል ብሎ መርሐ ግብር የሚያወጣ ሰው ወረቀት ላይ ብቻ ነው የሚሠራው።

ጥራቱም ከመጠኑ ጋር ይወርዳል። የአዲስ አበባ ቆሻሻ በአቃቂ ወንዝ፣ የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በሞጆ ወንዝ በኩል ወደ ቆቃ ያመራል፤ ውሃው ሲያንስ ይህ ሁሉ ይወፍራል፣ አልጌው ሐይቁን አረንጓዴ ያለብሰዋል። «ታዲያ ጉድጓድ ቆፍሩ» የሚል አይጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት የፍሎራይድ ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆው ብዙ ጉድጓድ ከዚያ ያልፋል። ወንጂ በጉድጓድ ውሃ ያደጉ ሰዎችን ጥርስና አጥንት ያየ ይህን ምክር ቶሎ አይሰጥም።

ደለሉን በአጭሩ ልለፈው፤ ግድቡ ሲሠራ ከነበረው መያዣ ትልቅ ድርሻው ዛሬ አፈር ነው፣ ይህ ከላይ ያለው ማሳና ተራራ ካልተጠበቀ እኛ በር በመክፈትና በመዝጋት የምናስተካክለው ጉዳይ አይደለም።

የኔ አቋም ይህ ነው። ቆቃ እ.ኤ.አ. በ1960 ከጣሊያን የጦር ካሣ ተገንብቶ ሲመረቅ 43 ሜጋ ዋቱ ትልቅ ነገር ነበር። ዛሬ የሕዳሴው ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ቆቃ ከዚያ አንድ በመቶ አይሞላም። በድርቅ ዓመት ቆቃን በመብራት ሰዓት ማዘዝ ልማድ እንጂ ስሌት አይደለም። መርሐ ግብሩ ከመጠጥ ውሃው ይጀምር፤ ወንዙ ሌትም ቀንም ከመጥለፊያው አፍ በታች እንዳይወርድ የሚበቃው ልቀት መጀመሪያ ይመደብ፣ መብራቱ የሚወጣው ከዚያው ልቀትና ለመስኖ ከሚለቀቀው ይሁን። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ውስጥ ፍጆታ ከማንኛውም ሌላ አገልግሎት በፊት ቅድሚያ ሰጥቷል፤ አዲስ ሕግ አያስፈልገንም።

ይህን ስል ክረምት ላይ ግድቡን ቶሎ እንሙላው ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 አዋሽ ሞልቶ አፋርን ምን እንዳደረገ ያየነው ነው። ለጎርፉ ሐምሌ ላይ ባዶ ቦታ መተው፣ ለድርቁ መስከረም ላይ ሞልቶ መገኘት ያስፈልጋል። በሁለቱ መካከል ያለው ጥቂት ሳምንት የዚህ ሙያ ከባዱ ክፍል ነው።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በየዓመቱ መስከረም 30 የሐይቁ ከፍታ፣ የቀረው የውሃ መጠንና እስከ ሰኔ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የተመደበው ልቀት በአንድ ገጽ ተጽፎ ይውጣ፤ በወረዳው፣ በፋብሪካው፣ በከተማው ውሃ አገልግሎት ደጃፍ ይለጠፍ። ቅነሳ ካለም ከመጠጥ ውሃው በቀር ከሁሉም ላይ በዚያው ቀን ይጀምር።