የመተማ ጥላ

ከየካቲት እስከ ግንቦት የመተማ ፀሐይ አታላውስም፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። የቆላን በጋ በወጉ መኖር የሚያውቁበት ጡረተኞቹ ናቸው። ጉዳያቸውን በማለዳ ጨርሰው ረፋዱ ላይ ኒም ዛፍ ሥር ይሰባሰባሉ። ግንዱ ሥር በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ጀሪካን አለ፤ ከጆንያው የሚተነው እርጥበት ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ውሃው ያለ ፍሪጅ ይቀዘቅዛል። አጠገቡ ዳማ ተዘርግቷል። ጠጠሮቹ የለስላሳ ቆርኪዎች ናቸው፤ የአንዱ በጀርባቸው፣ የሌላው በፊታቸው ይደረደራሉ። «ጋሼ፣ ይብሉ እንጂ!» ይላል ከተጫዋቾቹ ይልቅ የቸኮለ ተመልካች።

ቡናው እስኪደርስ የሰሊጥ ዋጋ፣ ከድንበር ማዶ ከሱዳኗ ገላባት የመጣ ወሬ ይነሳል። አጼ ዮሐንስ 4ኛ እዚሁ መተማ የወደቁበት የ1881 ዓ.ም. ጦርነትም እንደ ትናንት ይወራል። ማታ ደግሞ አልጋ ወደ ደጅ ይወጣና ጨዋታው ከጎረቤት ጋር ይቀጥላል።

ጡረታ ብዙ ሰው ቤት ያስቀራል። እዚህ ግን የቆርቆሮ ቤት በቀን ስለማያስቀምጥ ሽማግሌው ሁሉ ከሰው አይለይም። ከጥላው የቀረ ካለም «ምን ነክቶት ነው?» ተብሎ ቤቱ ድረስ ይጠየቃል።