ከግንቡ ጨርቁ

ጎንደር ሲነሣ የሁሉም ወሬ ግንብ ላይ ያርፋል። አያስገርምም። ዐፄ ፋሲል በ1636 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ከተማዋን ከቆረቆሩ ጀምሮ ነገሥታቱ እየተፈራረቁ ያስካቡት ድንጋይ ዛሬም ቆሟል፤ ዩኔስኮም በ1979 በቅርስነት የመዘገበው ይህንኑ ግቢ ነው። እኔ ግን ከድንጋይ ጋር ብዙም አልግባባም። ግንብ የንጉሡን አቅም ይናገራል እንጂ ሰው ምን ለብሶ እንደዋለ፣ ምን ላይ እንደተቀመጠ፣ በፈረስ ሲወጣ እግሩን የት እንዳሳረፈ አይናገርም። ያንን የሚያውቀው ጨርቅ ነው። ጎንደር ደግሞ፣ ብዙ ሰው ልብ ሳይለው፣ የጨርቅ ከተማ ነበረች።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ቀና የማይል የለም። በጣሪያው የተደረደሩት ክንፋም የመላእክት ፊቶች ዐይን ይይዛሉ፤ ፖስትካርዱም ቲሸርቱም የሚሸጠው በእነሱ ነው። ከጣሪያው የጠገበ ዐይን ግን ወደ ግድግዳው ይውረድ። እዚያ የሚታየው ሥዕል በግድግዳው ላይ በቀጥታ የተሳለ አይደለም። ከሥሩ የጥጥ ጨርቅ አለ፤ ጨርቁ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። የሀገራችን ሸማኔ የሚሸምነው ጠበብ ያለ ስለሆነ፣ ሰፊ ግድግዳ ለማልበስ ቁራጩን ጎን ለጎን መስፋት ግድ ይላል። ሠዓሊ ከመጠራቱ በፊት ፈታይ፣ ሸማኔና ሰፊ ተጠርተዋል ማለት ነው። ሥዕሉን ለሠዓሊው ብቻ ሰጥተን መውጣታችን ትንሽ ግፍ አለበት።

ሥዕሉ በጨርቅ ላይ መሠራቱ በኋላ ጣጣ አምጥቷል። በ1932 ጎንደር የደረሰው የፈረንሳዩ የማርሴል ግሪዮል የጥናት ቡድን ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የ17ኛውን ክፍለ ዘመን ሥዕሎች አንሥቶ ወስዷል፤ በቦታው የተተካው የቡድኑ ሠዓሊ የሠራው ቅጂ ነው። ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። ድንጋይ ላይ ቢሳሉ ኖሮ ይህን ያህል በቀላሉ ባልተነሡ። ጨርቅ ግን ይላጣል፣ ይጠቀለላል፣ ይጫናል።

እነዚያ የእንጦንስ ሥዕሎች አጥኚዎች የመጀመሪያው የጎንደር አሣሣል የሚሉት ናቸው። መደባቸው ደማቅና ልሙጥ ነው፤ ልብሱ በመስመርና በነጠብጣብ ያጌጣል፤ ጥላ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ጨርቁ ሰውነት ላይ አይወድቅም፤ እንደ ሐረግ ጌጥ ገጹን ይሞላል። እኔ ይህን እወደዋለሁ፤ ሠዓሊው መስመሩን ሲያወርድ እጁ አልተንቀጠቀጠም። ሁለተኛው አሣሣል በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ በተለይ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን፣ ሲደምቅ ግን ነገሩ ሁሉ ይለወጣል። ጉንጭ ይሞላል፣ ጥላ ይገባል፣ መደቡ ከቢጫ ወደ ቀይና አረንጓዴ እየቀለጠ ይሄዳል። የእመቤታችን ካባም አበባ ያወጣል። አበባው ዝም ብሎ ከሐሳብ የመጣ አይደለም፤ ግምጃ በእጁ የዳሰሰ፣ እጥፋቱ የት እንደሚጠቁርና ጉብታው የት እንደሚያበራ ያየ ሰው ሥራ ነው። እቴጌይቱ ራሷ በጣና ላይ፣ በደቅ ደሴት ባሠራችው ናርጋ ሥላሴ፣ ከማርያምና ከልጇ እግር ሥር ወድቃ ተሥላለች። ሰውነቷ ተደፍቷል፤ ልብሷ ግን አልተደፋም። የትሕትና ሥዕል ነው ቢባልም፣ ሠዓሊው የንግሥቲቱን ልብስ በሚገባ እንድናይለት የፈለገ ይመስለኛል።

ከዚህ ሁሉ የምወደው ግን አንድ ጣት ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል ባያችሁ ቁጥር ዘንዶውን ተዉትና ወደ እግሩ ውረዱ። እግሩ ባዶ ነው። እርካቡም ሙሉ እግር የሚገባበት አይደለም፤ ትንሽ የብረት ቀለበት ናት፣ አውራ ጣቱን ብቻ አስገብቶባታል። የጎንደር ሠዓሊዎች የፈረንጅ ሥዕል ያውቁ ነበር፤ በ1590ዎቹ መጀመሪያ ሮም ላይ የታተመው ባለ ሥዕል ዐረብኛ ወንጌል እጃቸው ገብቶ ብዙ ነገር ቀድተውበታል። የፈረንጅ ፈረሰኛ ደግሞ ጫማውን ተጫምቶ ነው ከነሙሉ እግሩ እርካብ የሚገባው። የኛው ሠዓሊ አቀማመጡን ከፈለገበት ወስዶ ይሆናል፤ እግሩን ግን ከሰፈሩ አመጣ። መኳንንቱ በየቀኑ በፊቱ ሲያልፉ ጣታቸው የት እንዳለ አይቷልና። የዚያን ዘመን ኮርቻ፣ እርካብና የአረጋገጥ ልማድ በአንዲት አውራ ጣት ተመዝግቦ ቀረ።

በሕይወት ያለው ሰውስ ምን ይለብስ ነበር? ገበሬው ሸማውን፣ ብርድ ሲመጣ ደበሎውን። ጦረኛው ለምዱን። መኳንንቱ እጀ ጠባብና ካባ፤ ለዚያም ሐር፣ ግምጃና ከፋይ ከባሕር ማዶ ይመጣል፤ ከህንድ፣ ከቱርክ ግዛት፣ ከዚያም ወዲያ። በምጽዋና በመተማ በኩል ይገባል፤ በልዋጩ ወርቅ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ እና፣ ሳይሸሸግ ይነገር፣ ባሪያ ይወጣል። የሐሩ ውበት ያንን ዋጋ አይሰርዘውም።

ግን የገባው ሁሉ እንደገባ አልተለበሰም። ደማቅ ቀለም ያለው ክር ሀገር ውስጥ ብርቅ ስለነበር፣ ከውጭ የመጣውን ቀይና ሰማያዊ ጨርቅ ክር በክር እየፈቱ፣ ክሩን በሸማው ጥለት ላይ መልሰው ይሸምኑት ነበር። ይህን ሥራ ለአንድ አፍታ አስቡት። ሱራት ላይ አንድ ሰው ተቀምጦ የሸመነውን ጎንደር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ይፈታዋል፤ ክሩ እንዳይበጠስ፣ እንዳይወሳሰብ፣ ቀለሙ እንዳይቦዝ። ጨርቁን ሳይሆን ቀለሙን ነበር የገዙት።

የብራና መጽሐፍ ደግሞ ሌላ ጓዳ ነው። የጎንደር ጸሐፊዎች ጉልሕ የሚባለውን ሰፊና ሙሉ ፊደል፣ የገጹን ስፋትና የጥቁርና ቀይ ቀለሙን ሚዛን ብዙዎች አድንቀውታል፤ እኔ እዚያ አልቆይም። እኔን የሚያቆመኝ የመጽሐፉ ልባስ ውስጡ ነው። ጠራዡ የእንጨት ገበታውን በቆዳ ሲያለብስ ቆዳውን በገበታው ጠርዝ አሳልፎ ወደ ውስጥ ያጥፈዋል። አራቱ እጥፋቶች በገበታው መካከል አይገናኙም፤ አራት ማዕዘን ባዶ ቦታ ይተርፋል። ያ ባዶ እንጨት እንዳይታይ፣ በተለይ ገንዘብ ያለው ሰው ባሠራው መጽሐፍ፣ ቁራጭ ጨርቅ ይለጠፍበታል። ከዚያ በኋላ መጽሐፉ ይዘጋል፤ ማኅደሩ ውስጥ ይገባል፤ ማኅደሩም ይሰቀላል።

ውጤቱን አስተውሉ። ካባው ተለብሶ አልቋል፤ መጋረጃው ነድዷል ወይም በልቶታል ብል፤ እጀ ጠባቡ ለባለቤቱ ልጅ፣ ከዚያም ለልጅ ልጁ ሲተላለፍ ነትቧል። በገበታው ውስጥ የተለጠፈችው መዳፍ የማታህል የህንድ አበባ ወይም ቀይ ከፋይ ግን ብርሃን ሳይነካት ቆይታለች። አንድ ጨርቅ ከየት እንደመጣ የሚያጠና ሰው ከቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ይልቅ የመጻሕፍትን ሽፋን ቢከፍት ይሻለዋል። እዚያ ያለው የልብስ ሰፊው ቅዳጅ ነው፤ ቅዳጅ ደግሞ አይዋሽም፣ ማንም እንዲታይ ብሎ አላስቀመጠውምና።

አሁን ወደ ትልቁ እንምጣ። ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ከጎንደር የወጣ አንድ የሐር መጋረጃ አለ፤ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው፤ ቁመቱ ከ5 ሜትር ይበልጣል። ተመሳሳዩ ቶሮንቶ፣ ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ይገኛል። መቅደሱን ከሕዝቡ ለመጋረድ የተሠሩ ናቸው። በለንደኑ ላይ ከተሸመኑት ሰዎች መካከል ዐፄ በካፋ፣ ምንትዋብና ልጃቸው ኢያሱ ሳይኖሩ አይቀሩም የሚሉ አጥኚዎች አሉ። ማንነታቸው ለታሪክ ጸሐፊ ይቆየው። እኔን የሚያስደንቀኝ ሰዎቹ አለመጠለፋቸው ነው። መርፌ አልነካቸውም። ከጨርቁ ጋር አብረው ነው የተወለዱት፤ ያውም በተለመደው የሸማኔ ጉድጓድና መወርወሪያ አይደለም።

ከመዳፍ የማይበልጥ፣ ጠንካራ፣ አራት ማዕዘን ቁራጭ አስቡ። በየማዕዘኑ አንድ ቀዳዳ አለው፤ በየቀዳዳው አንድ የድር ክር ያልፋል። እንዲህ ያሉ ቁራጮች በመቶ ተቆጥረው ጎን ለጎን ይቆማሉ። ቁራጩ ሩብ ዙር በዞረ ቁጥር ላይ የነበረው ክር ይወርዳል፣ ታች የነበረው ይወጣል፤ አራቱ ክሮች እርስ በርስ ይገመዳሉ፤ በተከፈተው ክፍተት ማጉ ያልፋል፤ ይጠበቃል። ማጉ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል፤ ውጭ የሚታየው ድሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ሥዕሉን የሚሠራው የአዟዟሩ ሥርዓት ነው፤ ይህ ቁራጭ ወደ ፊት፣ ያኛው ወደ ኋላ፣ ሦስተኛው ባለበት ይቆይ። በዓለም ዙሪያ በዚህ መንገድ በብዛት የሚሠራው መቀነት፣ ማሰሪያ፣ ጠርዝ ነው፤ ጥቂት ቁራጮች ይበቁታል። በሱ የሰው ምስል ልሸምን ብሎ መነሣት ድፍረት ነው። ጎንደሬው ደፈረ።

በቅርብ ሲታይ ክብ መስመር የሚባል የለውም። የጉንጩ ዙሪያ፣ የዐይኑ ቅንድብ፣ የልብሱ ጫፍ ሁሉ በደረጃ በደረጃ ነው የሚወርደው፤ አሠራሩ ከዚህ በላይ አይፈቅድም። ራቅ ሲሉ ደረጃው ይጠፋና ሰው ይቆማል። ሸማኔው ደግሞ ራቅ ብሎ ማየት አይችልም ነበር። ሥራው ላይ እንዳለ የሚያየው ክንድ የማይሞላ ቦታ ነው፤ ያለፈው ይጠቀለልበታል፣ የሚመጣው ገና ክር ነው። 5 ሜትሩን ሙሉ በአእምሮው ይዞ፣ ዙር እየቆጠረ ነው የሄደው። አንድ የተሳሳተ ዙር የንጉሡን ዐይን አፍንጫው ላይ ያወርደዋል። አልወረደም።

ይህን የሠራው ማን ነው? ስሙ አልተረፈም። በጎንደር ዙሪያ ሽመናው በአብዛኛው በእስላሞችና በቤተ እስራኤል እጅ እንደነበረ ይታወቃል፤ አንጥረኝነቱ፣ ሸክላው፣ የግንበኝነቱም ብዙ ክፍል እንዲሁ። ጎንደር አጠገብ ያለችውን የቤተ እስራኤል መንደር ወለቃን የሚያውቅ ይህን ያውቃል። ያው ኅብረተሰብ የእጃቸውን ሥራ ለብሶ፣ በሸክላቸው በልቶ፣ በሠሩት ማረሻ አርሶ ሲያበቃ ማታ ላይ ቡዳ ናቸው፣ ጅብ ይሆናሉ ብሎ ይሸሻቸው ነበር። ጨርቁን ለመቅደስ መርጦ ሸማኔውን ከደጅ መመለስ የአባቶቻችን ጥበብ አይደለም፤ ነውራቸው ነው። የብዙዎቹ ዘሮች ዛሬ እስራኤል ናቸው።

መጋረጃው ለንደን እንዴት እንደደረሰ ታሪኩ የታወቀ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1866 የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ንብረት ጠርገው ወደ መቅደላ አጓጓዙ፤ በ1868 የእንግሊዙ የናፒየር ጦር መቅደላን ያዘ፤ የተዘረፈው በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ ወረደ፤ ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ተሸጠ። የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ ከዘማቹ ጋር ነበር። ኢያሱና እናቱ ለደብረ ፀሐይ ቁስቋም የሰጡት የወርቅ ጽዋ፣ ስማቸው ከነተቀረጸበት፣ እዚያው ለንደን በሌላ ሙዚየም ተቀምጧል። የማስመለስ ጥያቄው ትክክል ነው፤ ይቀጥል። ግን የመንግሥታትና የጠበቆች ጉዳይ ነው፣ ዓመታትም ይፈጃል።

ጥበቡን ለማስመለስ ግን የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። ሙዚየሙ ጨርቁን ይዟል፤ አሠራሩን ግን ሊቆልፍበት አይችልም፤ ክሩ ላይ ለሚያነብ ሰው ተጽፏል። ባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅና የፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለን፤ ጎንደር ላይ ሸማኔዎች አሉን፤ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ላይ ጥለት በዐይኑ ብቻ አይቶ የሚያወጣ ወጣት አለ። ከመምህራኑ አንዱ፣ ከሸማኔዎቹ አንዱ፣ አራት ቀዳዳ ያላቸውን ቁራጮች ከካርቶንም ቢሆን ቆርጦ፣ ከመጋረጃው አንዲት የሰው ፊት ብቻ መልሶ ለመሸመን ይነሣ። ከአንዲት ፊት ይጀምር፤ 5 ሜትሩ ቀስ ብሎ ይደርሳል።